ታግተው እንጂ ሞተው አይደለም፦ ደም ሥርንና ነጭ የደም ሴሎችን የሚያዝዘው ስብ

አንድ ሰው የደም ምርመራ ውጤቱን በእጁ ይዟል እንበል። «ሊምፎሳይት» ከሚለው ቃል ጎን ያለው ቁጥር ከመደበኛው በጣም ያነሰ ነው። አጠገቡ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አለ። ሊምፎሳይት በሽታን የሚዋጋ የነጭ የደም ሴል ዓይነት ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «መከላከያዬ አለቀ» የሚል ነው። ያስደነግጣል።

ሐኪሙ ግን አልደነገጠም። እንዲያውም የጠበቀው ይህንኑ ነበር። ሴሎቹ አልሞቱም። በሕይወት አሉ፣ ደህና ናቸው፣ በመላ ሰውነት ሲቆጠሩም አብዛኞቹ በቦታቸው ናቸው። ታግተው ነው። መውጫውን አጥተው ንፍፊት ውስጥ ተቀምጠዋል። መውጫውን ያሳጣቸው ሰውዬው በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱም ይህን የሚያደርገው በደማችን ውስጥ የሚዘዋወር አንድ ስብ መስሎ በመግባት ነው።

ጽሑፉ ስለዚያ ስብ ነው። ሙሉ ስሙ ስፊንጎሲን-1-ፎስፌት ይባላል። ረጅም ስለሆነ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አሳጥረው ኤስዋንፒ ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንበለው። ያለ እሱ የደም ሥራችን እንደ ወንፊት ያፈስሳል፤ ነጭ የደም ሴሎቻችንም ወጥተው መዞር ይቸግራቸዋል። ሁለቱ ጉዳዮች ምንም የማይገናኙ ይመስላሉ። ግን ይገናኛሉ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስብ እንዴት መልእክት ይሆናል?

ስብ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ቦርጭ ነው፤ ካልሆነም «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል» የሚል የሐኪም ወቀሳ። ሳይንቲስቶች ሊፒድ የሚል ሰፋ ያለ ስም አላቸው። ሊፒድ ማለት ስብና የስብ ዘመዶች በሙሉ ናቸው፤ የጋራ ጠባያቸው ከውሃ ጋር አለመዋደዳቸው ነው።

ሊፒድ ሰውነት ውስጥ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛው ነዳጅነት ነው፤ ይጠራቀማል፣ ሲያስፈልግ ይቃጠላል። ሁለተኛው ግድግዳነት ነው፤ እያንዳንዱ ሴል የተጠቀለለበት ስስ ሽፋን በአብዛኛው ከሊፒድ የተሠራ ነው። ሦስተኛውን ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። ሊፒድ መልእክት ይሆናል።

ሴሉ አንድ ነገር ለማሳወቅ ሲፈልግ ከገዛ ግድግዳው ላይ ትንሽ ይቆርሳል። የሚቆርሱለት ኢንዛይሞች ናቸው፤ ኢንዛይም ማለት የሰውነትን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ወረቀት ያለቀበት ሰው የቤቱን የግድግዳ ወረቀት ቀዶ ደብዳቤ ቢጽፍበት እንደማለት ነው። ቁራጩ ከሴሉ ይወጣል፣ ሌላ ሴል ላይ ያርፋል፣ ያ ሴል ደግሞ ትእዛዙን ይፈጽማል።

ሳናውቀው ይህን ሥርዓት ስንነካካ ኖረናል። ራሱን ያመመው ሰው አስፕሪን ሲውጥ፣ የሚያግደው የአንድን የሊፒድ መልእክት ምርት ነው። መልእክቱ ፕሮስታግላንዲን ይባላል። «እዚህ ጋ ተጎድቷል፤ ይመም፣ ይቅላ፣ ይበጥ» ብሎ የሚያውጅ እሱ ነው። አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት እንደሚያደርግ ጆን ቬን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ያሳየው በ1971 ነው። መድኃኒቱ ያኔ ገበያ ላይ ከዋለ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሰው ሰባ ዓመት ሙሉ ለምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ውጦታል ማለት ነው። ቬን ከሱኔ በርግስትሮምና ከቤንግት ሳሙኤልሰን ጋር በ1982 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ዘርፍ ሥራው ነው።

ኤስዋንፒም የሊፒድ መልእክት ነው። ግን ጠባዩ ይለያል። ፕሮስታግላንዲን ችግር ሲፈጠር የሚጮህ ነው፤ ኤስዋንፒ ደግሞ ቀንም ሌሊትም፣ ሰላም በሆነ ጊዜም ይናገራል።

ስሙ ከየት መጣ?

በ1884 ዮሃን ሉድቪግ ቱዲኩም የተባለ፣ ጀርመን ተወልዶ ለንደን ውስጥ የሚሠራ ሐኪም፣ ስለ አንጎል ኬሚስትሪ መጽሐፍ አሳተመ። ከአንጎል ውስጥ ለይቶ ካወጣቸው ነገሮች አንዱ አስቸገረው። ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ አልገባ አለው። በጥንታዊት ግሪክ አፈ ታሪክ ውስጥ እንቆቅልሽ እየጠየቀች መልስ ያጣውን መንገደኛ የምትገድል ስፊንክስ የምትባል ፍጡር አለች። ቱዲኩምም ያስቸገረውን ነገር በእሷ ስም ስፊንጎሲን አለው። ሐቀኛ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ያልገባውን ነገር ያልገባው መሆኑን በስሙ ላይ አተመበት።

እንቆቅልሹ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ስፊንጎሲን የሴል ግድግዳ ጡብ ነው ተብሎ ተተወ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ሣራ ስፒግልን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ስፊንጎሲን ላይ አንዲት የፎስፌት ቅንጣት ስትለጠፍበት ሴሎችን «ተባዙ» ብሎ ማዘዝ እንደሚችል አሳዩ። ለውጡ ፖስታ ላይ ቴምብር እንደመለጠፍ ነው። ወረቀቱ ያው ነው፤ አሁን ግን የሚላክ ሆነ።

የሚላክ ነገር የሚቀበለው ያስፈልጋል። ተቀባዩ ግን ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ማንም አላወቀም እንጂ።

ደወሉ ተገኘ፣ የሚደውለው ማነው?

ቲሞቲ ህላ የተባለው ተመራማሪ እዚህ ላይ ይገባል። ዛሬ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታልና ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው የሚሠራው። በ1990 ግን ከቶማስ ማሲያግ ጋር ሆኖ የደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን የሚሠሩትን ሴሎች ያጠና ነበር። ሴሎቹ መባዛታቸውን አቁመው ተያይዘው ቱቦ መሥራት ሲጀምሩ የትኛው ዘረመል እንደሚነቃ ፈለጉ። አንዱን አገኙ። ኢዲጂ-1 የሚል ስም ሰጡት።

ዘረመሉ የሚሠራው ፕሮቲን ቅርጹ የተቀባይ ነበር። ተቀባይ ማለት የሴሉ ግድግዳ ላይ የተተከለ፣ ውጭ የመጣውን መልእክት ይዞ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው። የበር ደወል ነው በሉት። ቁልፉ ውጭ ነው፣ ድምፁ ውስጥ ነው። ኢዲጂ-1 ደወል መሆኑ ከቅርጹ ታወቀ፤ ማን እንደሚደውለው ግን አልታወቀም። እንዲህ ያለውን ተቀባይ ባለሙያዎቹ «ወላጅ አልባ» ይሉታል። ኢዲጂ-1 ስምንት ዓመት ወላጅ አልባ ሆኖ ቆየ።

መልሱ የመጣው በ1998 ነው። ህላ ያኔ ኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ነበር። የእሱ ቡድን ኢዲጂ-1ን በብዛት እንዲሠሩ የተደረጉ ሴሎችን ላቦራቶሪ ሳህን ላይ አሳደገ። ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ ውስጥ ሴረም አለ፤ ሴረም ደም ከረጋ በኋላ ላዩ ላይ የሚቀረው ፈዛዛ ፈሳሽ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሴሎቹ እንደ ወትሮው ለየብቻ አልተበተኑም። ተሳሳቡ፣ ተጠጋጉ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ እንደ መረብ ሆኑ። ስለዚህ ሴረሙ ውስጥ ደወሉን የሚደውል ነገር አለ።

ቀጥሎ የተደረገው ቀላል ነገር ነው፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ ደስ የሚለኝም ይኸው ነው። ሴረሙን በከሰል አጣሩት። ከሰል ስብን ይዞ ያስቀራል። የተጣራው ሴረም ሲሰጣቸው ሴሎቹ አልተያያዙም። እንግዲህ ደዋዩ ስብ ነው። እሱን ተከትለው ሲሄዱ ኤስዋንፒ ላይ ደረሱ። ደወሉም ስሙ ተቀየረና ዛሬ የኤስዋንፒ ተቀባይ ቁጥር 1 ይባላል። በኋላ ወንድሞቹ ተቆጥረው ተቀባዮቹ አምስት ሆነዋል።

በነገራችን ላይ ይኸው ህላ በ1992 ኮክስ-2 የተባለውን ኢንዛይም የሰው ዘረመል ለይተው ካወጡት አንዱ ነው። ኮክስ-2 ቅድም ያነሳነውን ፕሮስታግላንዲን ከሚሠሩት አንዱ ነው። ብዙዎቹ የህመም ማስታገሻዎች የሚያነጣጥሩት እሱ ላይ ነው።

የደም ሥር ለምን አያፈስም?

የደም ሥር እንደ ፕላስቲክ ቱቦ አንድ ወጥ አይደለም። ውስጡ በጠፍጣፋ ሴሎች የተነጠፈ ነው፤ እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በንጣፎቹ መካከል ስንጥቅ አለ። ስንጥቁን የሚይዙት ሴሎቹ እርስ በርስ የሚጨባበጡባቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ጭብጡ ከላላ ውሃውና ፕሮቲኑ ከደሙ ወጥቶ ወደ ሥጋው ይፈስሳል፤ ቦታው ያብጣል። ሳንባ ላይ ከሆነ ደግሞ መተንፈስ ያቅታል።

ጭብጡ እንዳይላላ የሚያደርገው አንዱ ኤስዋንፒ ነው። ደሙ ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ ሴሎቹ ላይ ያለውን ተቀባይ ቁጥር 1 ሁልጊዜ ይነካል። «ያዙ፣ አትልቀቁ» ይላል። ተቀባይ ቁጥር 2 ሲነካ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፤ ጭብጡን ያላላል። ያው መልእክት የተለያየ ደወል ላይ ሲያርፍ የተለያየ ትእዛዝ ይሆናል። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ያለ ተቀባይ ቁጥር 1 ምን ይሆናል? በ2000 የታተመ ጥናት ዘረመሉ የጠፋባቸውን አይጦች አሳየን። አንዱም ጽንስ ለመወለድ አልደረሰም። የአይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ እነዚህ በ13ኛውና በ14ኛው ቀን አካባቢ ደም ፈስሷቸው ሞቱ። ደም ሥሮቻቸው ተሠርተው ነበር። ግን ደም ሥሩን ከውጭ አቅፈው የሚደግፉት ሴሎች በትክክል አልከበቡትም።

ይህ ሁሉ ኤስዋንፒ ከየት ይመጣል? ከዋናዎቹ ምንጮች አንዱ ቀይ የደም ሴል ነው። ቀይ የደም ሴል ሲባል የምናውቀው ኦክስጅን ማመላለሱን ነው። ሌላ ሥራ ያለው አይመስለንም። በአብዛኞቹ ሌሎች ሴሎች ውስጥ ኤስዋንፒን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ቀይ የደም ሴል ግን የለውም። ስለዚህ ይጠራቀምበታል፣ ቀስ እያለም ወደ ደሙ ይለቀዋል። የደም ሥር ሴሎቹ ራሳቸውም ያዋጣሉ።

በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ደማቸው ውስጥ ኤስዋንፒ እንዳይኖር የተደረጉ አይጦች ደም ሥራቸው ያፈስስ ነበር። አለርጂን የመሰለ ከባድ የሰውነት ቀውስ ሲያጋጥማቸው ደግሞ እንደ ሌሎቹ አይጦች አልቋቋሙትም። ከዚያ ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ ቀይ የደም ሴል ተሰጣቸው። መፍሰሱ ቆመ።

ነጭ የደም ሴሎች መውጫውን በምን ያውቃሉ?

አሁን ወደ ታጋቾቹ እንመለስ።

ንፍፊት፣ ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ የሚሉት፣ ጉሮሮ ሲታመም አንገት ላይ፣ እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ አብጦ የምንዳስሰው ትንሽ ዕጢ ነው። ሊምፎሳይቶች እዚያ ይሰበሰባሉ። ከሰውነቱ ልዩ ልዩ ቦታ የመጣው የባክቴሪያና የቫይረስ ቁራጭ እዚያ ይቀርብላቸዋል። እያንዳንዱ ሊምፎሳይት የሚያውቀው አንድ ጠላት ብቻ ስለሆነ፣ «የእኔው አለ ወይ?» እያለ ያያል። ከሌለ ሰዓታት ቆይቶ ይወጣል፤ ሊምፍ በሚባለው ፈሳሽ መስመር በኩል ወደ ደም ይመለሳል፣ ቀጥሎ ሌላ ንፍፊት ይገባል። እንዲህ እያለ ዕድሜውን ሙሉ ይዞራል። በማንኛውም ቅጽበት ደም ውስጥ የሚገኘው ከመላው ሊምፎሳይት ወደ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የደም ምርመራው ወረቀት የሚቆጥረው እንግዲህ እነዚህን መንገደኞች ነው።

ዓይን የሌለው ሴል መውጫውን እንዴት ያገኛል? በኤስዋንፒ ነው። ደም ውስጥ ኤስዋንፒ ብዙ ነው። ሊምፍ ውስጥ የዚያ አስረኛ ያህል አለ። ንፍፊቱን ጨምሮ ሥጋው ውስጥ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ቅድም ያልነው ሰባባሪ ኢንዛይም እዚያ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ንፍፊት ውስጥ ላለው ሴል መውጫው ኤስዋንፒ የሚሸትበት አቅጣጫ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ በፊቱ እየፈለገ በሩን እንደሚያገኝ ሰው፣ ሴሉም ሽታው ወደሚጠነክርበት ይሄዳል።

ለማሽተት የሚጠቀመው አፍንጫ ደግሞ ያው የደም ሥሩ ተቀባይ ቁጥር 1 ነው። ጄሰን ሳይስተር የሚመራው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ቡድን በ2004 ይህን አሳየ። ተቀባዩ የሌላቸው ቲ ሴሎች፣ የሊምፎሳይት ዓይነት ናቸው፣ ንፍፊት ይገባሉ፤ መውጣት ግን አይችሉም።

ብልሃቱ እዚህ አያበቃም። ደም ውስጥ የቆየ ሴል ኤስዋንፒው በዝቶበት አፍንጫው ይደነዝዛል፤ ተቀባዮቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል። ሽቶ የተቀባ ሰው ከደቂቃዎች በኋላ የራሱ ሽታ እንደማይሰማው ዓይነት ነው። በዚህ ምክንያት ንፍፊት ሲገባ ወዲያው መልሶ አይወጣም። እዚያ ሽታው ትንሽ ስለሆነ አፍንጫው ቀስ በቀስ ይመለስለታል፤ በዚያ መሐል የመፈተሽ ጊዜ አገኘ ማለት ነው።

ጠላት ካለስ? ያኔ ሲዲ69 የተባለ ፕሮቲን ሴሉ ላይ ይወጣና ተቀባይ ቁጥር 1ን ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። መውጫው ለጊዜው ተዘጋ። ሴሎቹ ለቀናት እዚያው ቆይተው ይሠለጥናሉ፣ ይባዛሉ። ሲጨርሱ ሲዲ69 ይጠፋል፣ አፍንጫው ይመለሳል፣ ተመራቂዎቹ ይወጣሉ። ጉንፋን ሲይዘን አንገታችን ላይ ያለው ዕጢ የሚያብጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ገቢው በዝቶ ወጪው ቆሟል።

የኤስዋንፒው መጠን ልዩነት ራሱ መልእክት መሆኑን ያሳየው ሙከራ ደግሞ ካልታሰበ ቦታ ነው የመጣው። ምግብና መጠጥን ቡናማ የሚያደርግ የካራሜል ማቅለሚያ አለ። የአንዱ ዓይነት ማቅለሚያ ውስጥ ያለች ንጥረ ነገር አይጦች በብዛት ሲሰጣቸው ሊምፎሳይታቸውን እንደምትቀንስ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ለምን? የሳይስተር ቡድን በ2005 መልሱን አገኘ። ንጥረ ነገሯ ሰባባሪውን ኢንዛይም ታግዳለች። ስለዚህ ንፍፊቱ ውስጥ ኤስዋንፒ ይከማቻል። ቤቱ ሁሉ እኩል ከሸተተ በሩ የቱ ጋ ነው? ሴሎቹ ጠፋባቸው። ተቀባያቸው አልተበላሸም፣ ኤስዋንፒም አልጠፋም። የጠፋው ልዩነቱ ብቻ ነው። (ማቅለሚያው ውስጥ ያቺ ንጥረ ነገር ከተወሰነ መጠን እንዳታልፍ ደንብ ወጥቶላታል፤ ስለ ለስላሳችሁ አትጨነቁ።)

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

በነፍሳት ላይ የሚበቅል ፈንገስ አለ፤ ኢሳሪያ ሲንክሌሪ ይባላል። ጃፓን ውስጥ ቴትሱሮ ፉጂታና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም ንጥረ ነገር ከእሱ አወጡ። ንጥረ ነገሩ ሲበዛ መርዛማ ስለነበር ቅርጹን እየቀያየሩ ሠሩትና ፊንጎሊሞድ የተባለው መድኃኒት ተወለደ። መጀመሪያ የታሰበው ኩላሊት ለተቀየረላቸው ሰዎች ነበር፤ ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው። እዚያ ከነበሩት መድኃኒቶች የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

ቅርጹን ላየ ሰው ግን ፊንጎሊሞድ ስፊንጎሲንን ይመስላል። ሰውነትም ይሳሳታል። ቴምብሩን፣ ማለትም ፎስፌቱን፣ ይለጥፍበታል። እንዲህ የተለጠፈበት መድኃኒት ተቀባይ ቁጥር 1 ላይ ይቀመጥና ደጋግሞ ይደውላል። ሴሉ ደወሉ አላቆም ሲለው ነቅሎ ያወርደዋል፤ ይሰባብረዋል። ደዋይ ሆኖ መጥቶ ደወሉን አስነቀለ። አፍንጫ ያጡት ሊምፎሳይቶች ንፍፊት ውስጥ ይቀራሉ። ደም ውስጥ ያለው ቁጥራቸው ከመነሻው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል።

ይህ የሚጠቅመው የገዛ መከላከያው ለሚያጠቃው ሰው ነው። መልቲፕል ስክሌሮሲስ በሚባለው በሽታ ሊምፎሳይቶች ወደ አንጎልና ወደ ሕብለ ሰረሰር ገብተው የነርቮቹን ልባስ ይልጣሉ። እይታ ይደበዝዛል፣ እግር ይከዳል፣ ይሻላል፣ ከዚያ ያገረሻል። አጥቂዎቹን ንፍፊት ውስጥ ካስቀሯቸው አንጎል አይደርሱም። በ2010 በታተመ ትልቅ ሙከራ መድኃኒቱን የወሰዱት በዓመት በአማካይ 0.18 ጊዜ ነው ያገረሸባቸው፤ የማስመሰያ ክኒን የወሰዱት 0.40። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደው። ለዚያ በሽታ የሚዋጥ መድኃኒት ያኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት በዋናነት መርፌ ነው። ከእሱ በኋላ ሲፖኒሞድ፣ ኦዛኒሞድ፣ ፖኔሲሞድና ኤትራሲሞድ መጡ። ኦዛኒሞድ ትልቁን አንጀት ለሚያቆስለው አልሰሬቲቭ ኮላይቲስም ይታዘዛል፤ ኤትራሲሞድ ደግሞ የሚታዘዘው ለዚሁ የአንጀት በሽታ ነው።

ታዲያ ልብና ዓይን ምን አገባቸው?

ፊንጎሊሞድን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚውጥ ሰው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይቆያል። የልብ ምቱ ስለሚዘገይ ነው። ልብ ላይም እነዚህ ተቀባዮች አሉ፤ መድኃኒቱ ደወሉን ከማስነቀሉ በፊት ይደውላልና ልብ «ቀስ በል» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ የዓይን የኋላ ክፍል መሐል ላይ ፈሳሽ ይቋጥራል። ስለዚህ ዓይን ይመረመራል። ቅድም ያልነውን ካስታወሳችሁ ይህ አይገርምም፤ የደም ሥር ጭብጥ የሚጠብቀው በዚያው ተቀባይ ነው።

ኢንፌክሽንም ይጨምራል። ፖሊሶቹ ታግተው ሌባ ቢገባ ምን ይገርማል። መድኃኒቱ ሲቆም ታጋቾቹ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ። ያለ ሐኪም ድንገት ማቆም ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ በአንዳንዶች ላይ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ስለሚመለስ የአሜሪካው ባለሥልጣን በ2018 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

«ጥሩ ኮሌስትሮል» ለምን ተነሳ?

ኤስዋንፒ ስብ ስለሆነ ደም ውስጥ ብቻውን አይዋኝም፤ ተሸካሚ ይፈልጋል። ግማሽ የሚበልጠውን የሚሸከመው ኤችዲኤል ነው፤ ሐኪሞች «ጥሩ ኮሌስትሮል» የሚሉት። ቀሪው በአልቡሚን፣ ደም ውስጥ በብዛት በሚገኝ ፕሮቲን ላይ ይጫናል። ኤችዲኤል ላይ ኤስዋንፒን የሚያቅፈው ደግሞ አፖኤም የሚባል ፕሮቲን ነው። ሁሉም ኤችዲኤል አፖኤም የለውም፤ ያለው ጥቂቱ ነው።

ይህ አንድ የቆየ ግራ መጋባት ላይ ብርሃን ይፈነጥቃል። ኤችዲኤሉ ከፍ ያለ ሰው ልቡ ደህና ነው ሲባል ኖሯል። ኤችዲኤልን በመድኃኒት ከፍ ማድረግ ግን እንደታሰበው አልጠቀመም። ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ቁጥሩን በደንብ ከፍ አድርጎት ነበር፤ በ2006 ግን ከወሰዱት መካከል የሚሞተው ስለበዛ ሙከራው ቆመ። እንደ እኔ ጭነቱን ሳያዩ መኪናውን መቁጠር ነበር ስህተቱ፤ በእርግጥ መድኃኒቱ የደም ግፊት መጨመርን የመሰለ የራሱ ችግርም ነበረው።

አሁን ቅድም ልብ በሉ ያልኩት ነገር ይመጣል። መልእክቱ የሚያመጣው ውጤት በደወሉ ብቻ ሳይሆን በተሸካሚውም የሚወሰን ይመስላል። የህላ ቡድን በ2017 ይህን ሞከረ። አፖኤምን ደም ውስጥ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ አድርጎ ሠራውና ኤስዋንፒ አስይዞ ለአይጦች ሰጠ። ደም ግፊት የነበረባቸው አይጦች ግፊታቸው ወረደ። ልባቸው ወይም አንጎላቸው ላይ ደም ተቋርጦ የተመለሰላቸው አይጦች የደረሰባቸው ጉዳት አነሰ።

ከዚያ የአይጦቹ ሊምፎሳይት ተቆጠረ። አልቀነሰም። የደም ሥሩ ደወል ተደውሏል፤ ንፍፊት ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን እንደ ወትሮው እየገቡ እየወጡ ነው።